ዳሱ ከመጣሉ በፊት
በቤት ግቢ ስለሚደገስ ሠርግ (የወንጌል ንባብ፦ ዮሐ. 2፥1-11)



የጥር ወር በገባ ቁጥር በደብረ ብርሃንና በአንኮበር መንደሮች ሁሉ አንድ የታወቀ ድምፅ ይሰማል፤ ለዳስ የሚሆን የባሕር ዛፍ ምሰሶ ሲቈረጥና ሲተከል የሚሰማው ድምፅ ነው። እህሉ ከዐውድማ ገብቷል፤ የገና ጾም ተፈትቷል፤ ዐቢይ ጾምም ገና አልደረሰም። ሌሊቱ ውርጭ ቢሆንም ቀኑ ብሩህ ነው። ልጅ ለጋብቻ ያደረሰ ቤተሰብ ግቢውን ጠርጎ፣ ጓሮውን ደልድሎ፣ ጎረቤቱን ጠርቶ ዳስ የሚጥልበት ጊዜ ይህ ነው። ቤተ ክርስቲያንም በዚሁ ወር፣ የጥምቀት በዓል በዋለ ማግሥት ጥር 12 ቀን፣ ጌታችን በቃና ዘገሊላ ውኃውን ወደ ወይን ጠጅ የለወጠበትን ተአምር ታከብራለች። እንግዲህ ሕዝባችን ሠርግ በሚደግስበት ወር ወንጌልም የሠርግ ወንጌል ነውና፣ በግቢያችን ስለምንደግሰው ሠርግ ጥቂት እንነጋገር።

1. ጌታ የተጠራበት ቤት

ወንጌላዊው ዮሐንስ የጌታችንን የመጀመሪያ ተአምር የሚተርክልን ከቤተ መቅደስ ወይም ከምኵራብ ተነሥቶ አይደለም፤ ከሠርግ ቤት ነው። የሙሽሮቹን ስም አልጻፈልንም። የወላጆቻቸውን ሀብት፣ የእድምተኛውን ብዛት፣ የልብሱን ዐይነት አልነገረንም። የነገረን የጌታ እናት በዚያ እንደ ነበረች፣ ጌታም ከደቀ መዛሙርቱ ጋር እንደ ተጠራ ነው። ለወንጌል የዚያ ሠርግ ክብር ይህ ብቻ ነበር፤ በቂም ነበር።

ጉድለቱን ማን አስቀድሞ እንዳወቀው ልብ በሉ። በማዕድ የተቀመጡት እንግዶች አላወቁም። የድግሱ አዛዥም አላወቀም። ያወቀችው እመቤታችን ናት። በእኛ አገር ሠርግ የኖረ ሰው ይህ እንዴት እንደሚሆን ይገባዋል። ጠላው መቅጠኑን፣ እንጀራው ማነሱን፣ ወጡ ሥሩ መታየቱን አስቀድማ የምታውቀው ጓዳ የገባች ሴት ናት። እመቤታችንም አይታ ለእንግዳ አላወራችም፤ ደጋሹን አላሳፈረችም። ለልጅዋ በቀስታ ነገረች፤ አሳላፊዎቹንም እርሱ የሚላቸውን እንዲፈጽሙ አዘዘች። ጌታም በቤቱ የነበሩትን ስድስት የድንጋይ ጋኖች ውኃ አስሞላቸው። እያንዳንዱ ጋን ሁለት ወይም ሦስት እንስራ ይይዝ ነበር። ያ የጥንት መለኪያ በዛሬው ሲሰላ በስድስቱ ጋኖች ውስጥ በግምት ከ470 እስከ 700 ሊትር ይሆናል። ለሠርግ ጠላ ጠምቆ የሚያውቅ የሸዋ ሰው ይህ ምን ያህል በረከት እንደ ሆነ ማስረጃ አያስፈልገውም። አዛዡ ሲቀምስ ከየት እንደ መጣ አላወቀም፤ ውኃውን የቀዱት አሳላፊዎች ግን ያውቁ ነበር።

እንግዲህ በግቢ የሚደገስ ሠርግ በወንጌል የተባረከ ነገር ነው። ጌታ ዳሳችንን አይንቅም። ጥያቄው ዳስ እንጣል ወይስ አንጣል የሚል አይደለም። ጥያቄው በዳሱ ውስጥ ማን እንደ ተጠራና ዳሱ ምን ዕዳ ትቶ እንደሚያልፍ ነው።

2. ያላስተዋልሁት ዕዳ

በዚህ ነገር ከእናንተ በፊት ራሴ የተማርሁበት ታሪክ አለ። የሰዎቹን ስምና መንደር አልጠቅስም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወጣትና አንዲት ወጣት ልጃቸውን ክርስትና ሊያስነሡ ወደ እኔ መጡ። አብረው መኖር ከጀመሩ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ የተክሊል ጋብቻ ግን አልፈጸሙም። ስለዚህም ከቅዱስ ቊርባን ርቀው፣ በቅዳሴ ጊዜ ከኋላ ይቀመጡ ነበር። ምክንያቱን ብጠይቃቸው ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ፣ «አባ፣ ለሠርግ ብለን ያጠራቀምናት ጥቂት ገንዘብ ነበረች፤ ኑሮው ቀደመንና በላናት» አለኝ። እኔም፣ «ቤተ ክርስቲያን ድግስ አትጠይቅም፤ ተምራችሁና ምስክር ይዛችሁ ኑ፣ አጋባችኋለሁ» አልኋቸው። መልሴ በሕግ ትክክል ነበር። እነርሱ ግን ተመልሰው አልመጡም።

ወራት ካለፉ በኋላ ወደ ልጅቱ እናት ቤት ሄድሁ። ከንቱ ውዳሴንና ለሰው ይምሰል የሚደረግ ድግስን እየነቀፍሁ ብዙ ተናገርሁ። እናትዬው እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝና እንዲህ አሉኝ፦ «አባ፣ ቤተ ክርስቲያን ባትጠይቀኝ እኔ ራሴን እጠይቃለሁ። በዚህ ሰፈር ያልበላሁበት ዳስ የለም። ባለቤቴ ያረፈ ጊዜ ያበሉኝ፣ አብረውኝ ያደሩ፣ ያጽናኑኝ እነዚህ ሰዎች ናቸው። በሬን ዘግቼ ልጄን ድሬ በምን ዐይኔ አያቸዋለሁ?»

የምመልሰው ጠፋኝ። እኔ ትዕቢት ብዬ የገሠጽሁት ነገር ውለታን ያለ መርሳት ነበር። እኒህ እናት ሊታዩ አልፈለጉም፤ የበሉትን እንጀራ ሊመልሱ ፈለጉ። ቅዱስ ጳውሎስ እርስ በርስ ከመዋደድ ዕዳ በቀር ሌላ ዕዳ እንዳይኖርብን ሲመክረን (ሮሜ 13፥8) የሰውን ልብ የሚያስጨንቁ ሁለት ዐይነት ዕዳዎች እንዳሉ ያሳየናል። አንዱ ተከፍሎ የሚያልቅ፣ ሳይከፈል ሲቀር ቤት የሚያፈርስ የገንዘብ ዕዳ ነው። ሁለተኛው ተከፍሎ የማያልቅ፣ ባለማለቁም ሰውን ከሰው አስተሳስሮ የሚያኖር የፍቅር ዕዳ ነው። የእኒህ እናት ዕዳ ሁለተኛው ነበር። እርሳቸው ግን በመጀመሪያው ዐይነት ገንዘብ ሊከፍሉት ፈልገው አልቻሉም፤ በዚህም ምክንያት ልጆቻቸው ከጌታ ማዕድ ርቀው ቆዩ።

ነገሩን በእርሳቸው ፈቃድ ለእድሩ ዳኛ አማከርሁ። ሽማግሌው ቆጣ ብለው፣ «እኛ ስናበላት ቈጥረንባት ነው እንዴ? ዳሱን እኛ እንጥላለን፤ እርሷ ግቢዋን ትስጠን» አሉ። እንዳሉትም ሆነ። ወንዶቹ ምሰሶ ተከሉ፤ እድሩ ሸራውንና አግዳሚ ወንበሩን፣ ሳሕኑንና ብረት ድስቱን አዋሰ። ሴቶቹ ጌሾውንና ብቅሉን ተካፍለው ጠላውን በየቤታቸው ጠመቁ፤ በዋዜማውም እንጀራውን ጋግረው በየመሶባቸው ይዘው መጡ። ሁለቱ ወጣቶች በማለዳ በቤተ ክርስቲያን ተክሊል ደፉ፤ ከረጅም ጊዜ በኋላም አብረው ቈረቡ። ከዚያ ሁላችንም ወደ ዳሱ ሄድን።

ምሳው መካከል ሲደርስ ወጡ አነሰ። እኔ በክብር ወንበር ተቀምጬ ስለ ነበር አላወቅሁም። እናትዬውም አላወቁም። ጓዳ የነበረች አንዲት ጎረቤት አይታ፣ ምንም ሳትናገር ወደ ቤቷ ሄዳ ለራሷ ቤተሰብ የሠራችውን የሽሮ ወጥ በድስቱ ይዛ መጣች፤ ሌሎችም ተከተሏት። ከዳሱ ጫፍ የተቀመጡት እንግዶች ሽሮ በልተው፣ መርቀው ሄዱ። ይህን የሰማነው ሲመሽ ነው። የቃናን ወንጌል ብዙ ጊዜ ሰብኬዋለሁ፤ በሚገባ የተረዳሁት ግን ያን ዕለት ነው።

3. ተክሊሉ ይቅደም

አንዳንድ ወጣቶች፣ «ጌታ በሠርግ ቤት ከተገኘ፣ ምሥጢረ ተክሊሉም እዚያው በግቢያችን ዳስ ውስጥ ቢፈጸምልንስ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው መልካም ነው፤ መልሱን ግን ከቤተ ክርስቲያን ሕግ እንስማ። እ.ኤ.አ. በ1990 ለምሥራቃውያን ካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት የታወጀው የሕግ መጽሐፍ በቊጥር 838 ጋብቻ በቁምስናው ቤተ ክርስቲያን እንዲፈጸም ይደነግጋል። ከተቀደሰ ቦታ ውጭ እንዲፈጸም ቢያስፈልግ ጳጳሱ ሊፈቅዱ ይገባል። ይህ የቤት ግቢን ለመናቅ የተሠራ ሕግ አይደለም። ጋብቻ የሁለት ቤተሰቦች ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ ነው። ሙሽራውና ሙሽራይቱ ቃላቸውን የሚሰጡት ጌታ ሥጋውንና ደሙን በሚሰጥበት መንበረ ታቦት ፊት ነው። ደስታው ከመንበሩ ተነሥቶ ወደ ዳሱ ይወርዳል፤ ሥርዐቱ ይህ ነው።

ለዚህ ሥርዐት የአገራችን ታሪክም ምስክር አለው። በአባቶቻችን ዘመን ብዙ ሰው የሚጋባው በሰማንያ ነበር፤ የሰማንያ ጋብቻ በሽማግሌና በዋስ ፊት የሚታሰር፣ በሽማግሌም ፊት የሚፈታ ነው። በቊርባን ማግባት ግን የማይፈታ ቃል ኪዳን በመሆኑ ብዙዎች ይፈሩት ነበር፤ እስኪያረጁም ያዘገዩት ነበር። በ1875 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና ወይዘሮ ጣይቱ ብጡል በአንኮበር በመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን በቊርባን ተጋቡ። ሁለቱም ከዚያ በፊት በሌላ ትዳር ያለፉ ነበሩ። ይሁንና ይህ ጋብቻ በቊርባን የታሰረ ስለ ነበር፣ ንጉሡ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑም በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው ጸና። ግብር የማብላት ኀይል ያለው ንጉሥ እንኳ ትዳሩን ያጸናው በግብሩ ብዛት አልነበረም።

በቅርቡም ሁላችንም ያየነው ትምህርት አለ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ፣ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ። ለፋሲካ ማግሥት የታሰበው ዳስ ሁሉ ሳይጣል ቀረ። በዚያ ወራት ጋብቻን በካህንና በምስክር ፊት ብቻ የፈጸሙ ሰዎች ከጋብቻቸው አንዳች አልጐደለባቸውም። ዳስ መልካም ነው፤ ለጋብቻው መጽናት ግን ግድ አይደለም። ይህን ለይቶ የሚያውቅ ሰው በዳሱ ደስ ይለዋል እንጂ ለዳሱ ባሪያ አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ2025 ያረፉት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ቤተሰብ ፍቅር ባወጡት ሐዋርያዊ ምክር በቊጥር 212 ይህን ሕመም ነክተውታል። እጮኞች ጉልበታቸውንና ገንዘባቸውን በጥሪ ወረቀት፣ በልብስና በግብዣ ጨርሰው ለጋብቻው ዕለት ደክመው እንደሚደርሱ ያስተውላሉ፤ ወጪውን ፈርተው ከነጭራሹ ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩም እንዳሉ ያስታውሳሉ፤ ቀለል ያለውን በዓል ለመምረጥም ድፍረት እንዲኖረን ይመክራሉ። ይህ የሩቅ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በእኛም ቁምስናዎች በኋላ ወንበር የተቀመጡ አሉ።

4. ዳሱን ስንጥል

እንግዲህ በግቢው ሊደግስ ያሰበ ቤተሰብ ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ቆሞሱ ይምጣ። «ሠርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚለው ተረት ለወጥ ብቻ የተነገረ አይምሰለን። በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ጌሾው ተወቅጦ፣ ብቅሉ በቅሎ ሳለ የሙሽሮቹ ነፍስ ያልተዘጋጀችበት ሠርግ አለ። የጥምቀት ማስረጃው፣ የጋብቻ ትምህርቱ፣ ኑዛዜው ከወራት በፊት ይጀመር። ዕለቱም በጾም ወራት እንዳይውል ከካህኑ ጋር ይቈረጥ። ሙሽራይቱም ሆነች ሙሽራው 18 ዓመት ያልሞላቸው እንደ ሆነ ግን የዳሱ ነገር አይነሣ፤ ልጅን ያለ ዕድሜዋና ያለ ፈቃዷ የሚድር ዳስ የደስታ ዳስ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ወጪው ይቈጠር። ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሣራውን እንዲያሰላ አስተምሯል (ሉቃ. 14፥28-30)። አባት የእርሻ በሬውን ሸጦ ልጁን ቢድር፣ በሚመጣው ክረምት ምን ይዞ ሊያርስ ነው? ሙሽሮቹስ ጫጉላቸውን በአራጣ አበዳሪ ፊት ሊጀምሩ ነውን? ለአዳራሽ፣ ለመኪና አጀብና ለቪዲዮ ካሜራ የሚወጣው ገንዘብ ለአዲሱ ጎጆ ቢውል ሙሽሮቹን ለብዙ ዓመት ያገለግላል። የግቢ ሠርግ አንዱ በረከቱ ይህን ወጪ ማስቀረቱ ነው፤ ግቢው ውስጥ ሆነን የአዳራሹን ወጪ ካወጣን ግን ምን አተረፍን?

ሦስተኛ፣ የጎረቤት እጅ አይከልከል። ብቻዬን ልደግስ ማለት ጨዋነት ቢመስልም ጎረቤትን ፍቅሩን እንዳይገልጽ መከልከል ነው። እድራችን ለሐዘን ብቻ የተቋቋመ አይደለም። ቀብር ላይ ድንኳን ያቆመ እጅ ሠርግ ላይ ምሰሶ ቢተክል ሙሉ ይሆናል። ያልቻለ መሶብ፣ የቻለ በግ ይዞ ይምጣ፤ ማን ምን እንዳመጣ ግን በዳሱ መካከል አይለፈፍ።

አራተኛ፣ ማዕዱ ለሁሉ ይሁን። የምንኖረው ከእኛ ይልቅ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ወንድሞቻችን እጅግ በሚበዙበት አገር ነው። ሠርጋችንም የእነርሱ ሠርግ ነውና ጾም ላለበት እንግዳ የጾም ወጥ ይሠራ። ከአንኮበር ቁልቁል ወርደን ዓልዩ አምባ ስንደርስ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ገበያ ሲገበያዩ እናያለን፤ በሠርጋችንም ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ራሳቸው የሚያርዱት፣ ራሳቸው የሚያበስሉት ለብቻው ይሰጣቸው። ይህ የአባቶቻችን ልማድ ነው፤ አይቅር። ጤፉ ነጩና ቀዩ ሲቀላቀል ሠርገኛ ተብሎ የተጠራው ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

አምስተኛ፣ ሊመልስልን የማይችለው ሰው ይጠራ። ጌታችን ግብዣ ስናደርግ ብድራቱን የሚመልሱልንን ባለጠጎች ብቻ ሳይሆን ድሆችንና አካል ጉዳተኞችን እንድንጠራ አዝዞናል (ሉቃ. 14፥12-14)። ባለፉት ዓመታት ደብረ ብርሃን ከቤት ንብረታቸው የተፈናቀሉ ብዙ ወገኖችን ተቀብላለች። ከእነዚህ ውስጥ የልጃቸውን ሠርግ ሲያስቡ ሳለ ጎተራቸውንና ግቢያቸውን ጥለው የወጡ አሉ። ከዳሱ ደጅ ቆመው ትራፊ የሚጠብቁ አይሁኑ፤ ገብተው ከእድምተኛው ጋር ይቀመጡ። የተበላው ሁሉ ሲረሳ የእነርሱ ምርቃት ለሙሽሮቹ ይቀራል።

ስድስተኛ፣ መጠጡ በልክ ይሁን። ደጋው ይበርዳል፤ ብርዱን በአረቄ ማባረር የለመደም ብዙ ነው። በዳስ ውስጥ የተነሣ ጠብ ግን ሁለት ቤተሰብ ለዘመናት ሲያለያይ አይተናል። ጌታ በቃና የሰጠው ወይን የሰውን ልብ ደስ የሚያሰኝ እንጂ ዱላ የሚያማዝዝ አልነበረም።

5. ዳሱ ሲፈርስ

የተወደዳችሁ ሆይ፤ የእስራኤል ልጆች በየዓመቱ በዳስ በዓል ሰባት ቀን በቅጠል ዳስ ውስጥ እንዲቀመጡ ታዝዘው ነበር (ዘሌ. 23፥42-43)። ምክንያቱም አባቶቻቸው በምድረ በዳ በዳስ እንደ ኖሩና እግዚአብሔር እንደ ጠበቃቸው እንዳይረሱ ነው። ዳስ የሚፈርስ ነገር ነው። የሠርጋችንም ዳስ መልሱና ቅልቅሉ ሲያልፍ ይፈርሳል፤ ቄጠማው ይጠረጋል፤ ምሰሶው ይነቀላል፤ ወንበሩና ድስቱ ተቈጥሮ ወደ እድሩ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ በግቢው የሚቀረው ምንድን ነው? ዕዳ ከሆነ አበዳሪው በሩን ያንኳኳል። ፍቅር ከሆነ ጎረቤት በሩን ያንኳኳል።

አሁን ቃሌን ወደ እናንተ እመልሳለሁ፤ የድግስ ገንዘብ እስክታገኙ ብላችሁ ተክሊልን ወዳዘገያችሁት። ልጆቼ፣ ጌታ የሠርጋችሁን ወጪ አልጠየቃችሁም፤ እንድትጠሩት ብቻ ይጠብቃል። ጋናችሁ ባዶ እንደ ሆነ እርሱ ያውቃል፤ ውኃም ቢሆን ሙሉትና አቅርቡለት። ወላጆችም፣ ልጆቻችሁን ከቅዱስ ቊርባን የሚያርቃቸው የእናንተ ይሉኝታ እንዳይሆን ለራሳችሁ ጠይቁ። እናንተም ጎረቤቶች፣ በሰፈራችሁ ባለመደገስ ያፈረ ቤት ካለ ሳትጠሩ ሂዱና፣ «ግቢህን ስጠን፣ ዳሱን እኛ እንጥላለን» በሉት። እኛ ካህናትም ሕጉን ከመናገራችን በፊት የሰውን ልብ እንስማ፤ ይህን የምለው ለራሴ ነው።

በቃና ዘገሊላ ሠርግ የተገኘ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በግቢያችሁ ይገኝ። እናቱ እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም የጓዳችሁን ጉድለት ታሳስብላችሁ። አዳዲስ ሙሽሮችን በፍቅር ያጽናቸው፤ የቆዩትን ባለትዳሮች የመጀመሪያ ቃላቸውን ያስታውሳቸው፤ ሁላችንንም ወደማይፈርሰው የበጉ ሠርግ ያድርሰን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።